የአባ ዳኘው እናት

የነገሥታቱን የልደት ቀን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የፈረስ ስማቸውን ግን በቃሉ ይወጣዋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ዝርዝሩ እየተንደረደረ ሲወርድ ልብ ያሞቃል። በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ የቆመው የምኒልክ ሐውልትም ፈረሱን በሁለት የኋላ እግሩ አስነስቶ ያሳየናል። ይህን ሁሉ ስም እየጠራን ስንፎክር ግን «ለመሆኑ የአባ ዳኘው እናት ማን ነበረች?» የሚል ጠያቂ ሲነሣ አይሰማም። ነገሩን ላስተዋለው እነዚያ ፈረሶች ኮርቻቸውን እንደተጫኑ፣ ልጓማቸውን እንደነከሱ ከሰማይ ዱብ ያሉ ነው የሚመስለው፤ አንድም ቀን ውርንጭላ ሆነው የማያውቁ፣ እንገር ያልጠቡ፣ ለመቆም ሲንፈራገጡ በአፍንጫቸው ያልተደፉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ፈረስ የሚሠራው በባዝራ ማህፀን ውስጥና ባዝራዋን ለወሊድ በሚያዘጋጃት ሰው እጅ ነው። ድንጉላው ግማሹን ድርሻ ይውሰድ፣ አይነፈገው። ከግማሽ በላይ የሰጠነውን ግን ቆም ብለን ብንመረምረው ጉራ ሆኖ እናገኘዋለን።

ክርክሬን በታወቀ ተረት ልጀምር። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ተረቱ የተተረተው በበቅሎ ለመሳቅ ነው፤ የአህያ ልጅ መሆኗን ደብቃ በዘመድ ስትመጻደቅ። ሳቁን አቁሞ ቃሏን ለመዘነ ሰው ግን በቅሎዋ አልዋሸችም። አጎቷ ፈረስ ከሆነ እናቷ ባዝራ ናት ማለት ነው፤ ለእሷ ቁም ነገሩ ያ ነው። ሳይንሱም ይደግፋታል። በቅሎ ከአህያ አባትና ከባዝራ እናት ትወለዳለች። ግልባጩም አለ፤ አባቱ ፈረስ፣ እናቱ እንስት አህያ የሆነ። ሁለቱም እኩል ግማሽ ፈረስና ግማሽ አህያ ናቸው፤ ሁለቱም 63 ክሮሞዞም ይዘው ይወለዳሉ። ይሁን እንጂ የባዝራ ልጅ የሆነችው ትልቋ፣ ተፈላጊዋ፣ ድሮ ጳጳሱና መኳንንቱ የሚቀመጡባት በቅሎ ስትሆን፣ የአህያዋ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀነስ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ የተረት ችሎት ላይ አባት አባት የሚሉት ጠያቂዎች ናቸው ነገሩ ያልገባቸው።

በቅሎ ለራሷ ዳኛ ናት፣ ምስክርነቷ አይታመንም ለሚል ሰው ደግሞ ካምብሪጅ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 አርተር ዋልተንና ጆን ሃሞንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የማይመስል ጋብቻ ፈጸሙ። በአንድ በኩል ሻየር የሚባለው የእንግሊዝ ጋሪ ጎታች ግዙፍ ፈረስ ነበር፤ በሌላው በኩል ሼትላንድ የሚባለው ሕፃናት የሚጋልቡት ድንክ። በተፈጥሮ መንገድ ማገናኘቱ ለሁለቱም ወገን አደገኛም አሳፋሪም ስለሆነ በሰው ሠራሽ ዘዴ አዳቀሏቸው፤ አንዴ ግዙፉን አባት፣ አንዴ ግዙፏን እናት አድርገው። የዘሩ ድብልቅ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ውርንጭሎቹ ሲወለዱ ግን የግዙፏ ባዝራ ልጆች ከድንኳ ባዝራ ልጆች ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዱ ነበር። የድንኳ ማህፀን የግዙፉን አባት ልጅ «እዚህ ቤት የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው» ብሎ አስቆመው ማለት ነው። ልዩነቱም ጡት ሲጥሉ የሚጠፋ አልነበረም፤ ካደጉም በኋላ አብሯቸው ቆየ። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚል ሕዝብ ይህን ለመስማት ካምብሪጅ ድረስ መሄድ አልነበረበትም፤ የሚያሳዝነው ምክሩን ለሠርግ ብቻ አውሎ የፈረስ ገበያ ሲደርስ መርሳቱ ነው።

እዚህ ላይ ፈረስ አዋቂ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «አንዲት ባዝራ በዓመት አንድ ትወልዳለች፤ አንድ ድንጉላ ግን በአንድ ወቅት መቶ ሃምሳ ባዝራ ያጠቃል። ታዲያ ለዘር የሚበልጠው ማን ነው?» ይላል። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ የገንዘቡም ዓለም ከእሱ ጋር ነው። ስቶርም ካት የተባለው የአሜሪካ ድንጉላ በደህናው ዘመኑ ለአንድ ስሪያ 500,000 ዶላር ይከፈልበት ነበር፤ ሥራው ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ቀሪው ዐሥራ አንድ ወር የሌላ ሰው ጉዳይ። ሆኖም ብዛት አንድ ነገር ነው፣ ድርሻ ሌላ። መቶ ሃምሳ ቤት ግማሽ ግማሽ ያዋጣ ሰው የአንዱም ቤት ሙሉ ባለቤት አይሆንም። ደግሞም ስመ ጥር ድንጉላ ዘንድ የሚላኩት የተመረጡ ባዝሮች ናቸው፤ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሸፋፋ ባዝራ የሚልክ ሞኝ የለም። ልጆቹ ሲያሸንፉ ዝናው ለአባት ይመዘገባል፤ የተመረጡት እናቶች ግን በሒሳቡ ውስጥ አይታዩም። ይህ ተማሪዎቹን በፈተና መርጦ ተቀብሎ፣ ሲያልፉለት «ማስተማር እችላለሁ» ከሚል ትምህርት ቤት አይለይም።

ከስቶርም ካት ራሱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ብንወጣ ክርክሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። እናቱ ቴርሊንጓ ናት፤ ቴርሊንጓ ደግሞ የሴክሬታሪያት ልጅ። በ1973 ሦስቱን የአሜሪካ ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ፣ የመጨረሻውን፣ ቤልሞንትን፣ በ31 ፈረስ ርዝመት ያሸነፈው ሴክሬታሪያት ጡረታ ወጥቶ ለዘር ሲቀመጥ ሁሉም እሱን የሚያህል ወንድ ልጅ ጠበቀ። ጥቂት ጎበዞች አልታጡም፤ የተጠበቀውን ያህል ግን አልሆነም። ስሙን ያስጠሩለት ሴት ልጆቹ ናቸው፤ እነሱ የወለዷቸው ልጆች፣ ስቶርም ካትንና የ1992ቱን የቤልሞንት አሸናፊ ኤ ፒ ኢንዲን ጨምሮ፣ የዘር መዝገቡን አጥለቀለቁት። የዓለም ዝነኛው ድንጉላ ለትውልድ ያተረፈው ጥሩ እናቶችን በማስገኘቱ ነው። ከዚህ የበለጠ ለክርክሬ የሚመሰክር ድንጉላ ማግኘት ይከብደኛል።

ለእውነት ስል በራሴ ላይ የሚዞር ማስረጃም ላቅርብ። ሴክሬታሪያት ከመወለዱ በፊት እናቱ ሳምቲንግሮያል ከራሱ ከአባቱ ከቦልድ ሩለር አንዲት እንስት ወልዳ ነበር፤ ዘ ብራይድ ትባላለች። የሁለቱ ድንጉላና ባዝራ ባለቤቶች ልጆቹን ለመከፋፈል ሳንቲም ሲጥሉ ያሸነፈው ወገን ይህችን መረጠ፤ የተሸነፈው የሚቀጥለውን ሊወስድ ቀረ። የቀረው ሴክሬታሪያት ሆነ። ዘ ብራይድ በውድድር አንድም ድል አላገኘችም። «አየህ፣ እናት አንድ ናት፤ ማህፀኑም አንድ። የት ሄደ ክርክርህ?» ቢሉኝ እርግጥ ዕጣ የሚባል ነገር አለ እላለሁ፤ ግን አባትም አንድ ነበር፣ ስለዚህ ዘ ብራይድ ለማንም ወገን አትመሰክርም። ምስክር ከተፈለገ ሰር ጌይሎርድ ይጠራ። ያው ሳምቲንግሮያል ከሌላ ድንጉላ፣ ከተርን ቱ፣ የወለደችው ነው፤ እሱም ጎበዝ ሯጭና የጎበዞች አባት ሆነ። አባቶቹ ሲለዋወጡ በሁለቱም ዘንድ ያልተለወጠችው ማን እንደሆነች አንባቢ ይቁጠር። ሴክሬታሪያትን ስትወልድ ዕድሜዋ 18 ነበር፤ ለባዝራ ይህ የሽማግሌ ዕድሜ ነው።

ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁ አሉ። የዐረብ ዘላኖች የፈረስን ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው፤ ኩሐይላን፣ ሰቅላዊ፣ ዑበያን የሚባሉት ነገዶች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ናቸው። ለሌሊት ዘመቻም የሚመርጡት ባዝራ ነበር። ምክንያቱ ቅኔ የለውም፤ ድንጉላ የጠላትን ፈረስ ገና በሽታው ሲያውቅ ያሽካካና ባለቤቱን ያስይዛል፣ ባዝራ ግን አፏን ትይዛለች። በአርጀንቲና ደግሞ የፖሎ ተጫዋቾች አብዝተው የሚጋልቡት ባዝራ ነው። አዶልፎ ካምቢያሶ የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች ኳርቴቴራ የምትባል ባዝራ ነበረችው፤ ከመውደዱ የተነሣ በክሎኒንግ አስባዝቷት በ2016ቱ የፓሌርሞ ፍጻሜ ስድስት ቅጂዎቿን እያቀያየረ ተጫውቶ ቡድኑ አሸነፈ። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ስሙ «አባ ኳርቴቴራ» ይባልና ባዝራ መሆኗ ተድበስብሶ ይቀር ነበር።

«እንግዲያው አርጀንቲናን ካነሣህ፣ እዚያ እኮ ፅንሱን ከጎበዟ ባዝራ አውጥተው ለሌላ ተራ ባዝራ ያሸክማሉ፤ ስለዚህ ማህፀኑ የኪራይ ቤት ነው፣ ዋናው ዘሩ ነው» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚጎዳው ጠያቂውን ነው። በእንግሊዝ ኒውማርኬት የሩጫ ፈረስ ፅንስ በትንንሽ ድንክ ባዝሮች ማህፀን፣ የድንኮቹን ፅንስ ደግሞ በሩጫ ባዝሮች ማህፀን አስቀምጠው ሞክረውታል። በጠባቡ ማህፀን ያደጉት የሩጫ ውርንጭሎች ሲወለዱ አነስተኛና ደካማ ሆኑ፤ በሰፊው ያደጉት ድንኮች ከዘመዶቻቸው ገዝፈው ወጡ። ተሸካሚዋን በጥንቃቄ የሚመርጠው አርቢም ይህንኑ ያውቃል፤ ኪራይ ቢሆንም ቤቱን አይቶ ነው የሚከራየው።

ወደ ዝግጅቱ ልግባ፤ ምክንያቱም ባዝራን ማወደስ ብቻውን ገብስ አይሆናትም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቀን አቆጣጠር ነው። ባዝራ በአማካይ 340 ቀን ታረግዛለች፤ በእኛ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ ወር ከዐሥር ቀን፤ ሃያ ቀን ቀደም ወይም ዘግየት ብትል አያስደነግጥም። በሰሜኑ ዓለም ባዝራ ስሪያ የምትፈልገው ቀኑ ሲረዝም ነው። የሩጫ ፈረስ አርቢዎች ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ በመዝገባቸው ፈረስ ሁሉ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ዲሴምበር 31 የተወለደ ያልታደለ ውርንጭላ በማግስቱ አንድ ዓመት ይሞላዋል። (የትውልድ ቀናቸው ባለመታወቁ በስደት ቢሮ መዝገብ ላይ ሁሉም ጃንዋሪ 1 የተወለዱት ወገኖቻችን እዚህ ላይ ፈገግ ሊሉ ይፈቀድላቸዋል።) ስለዚህ አርቢው ልጁ በዓመቱ መጀመሪያ እንዲወለድለት በክረምት በጋጣው መብራት አብርቶ ባዝራዋን «በጋ ገብቷል» ብሎ ያታልላታል። እኛ ይህ ጣጣ የለብንም። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የእኛን ባዝራ የሚመራት ከፀሐዩ ይልቅ ሣሩ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው። ጥቅምት ላይ ያስጠቃ ሰው ልጁን የሚጠብቀው መስከረም ላይ፣ መስኩ ለምልሞ ወተት በሚበዛበት ወር ነው። ይህን ያህል ቀላል ሒሳብ ሳይሠራ ባዝራው የካቲት ላይ በደረቅ መሬት ስትወልድበት «ዕድል የለኝም» የሚል ሰው ያበሳጫል።

እዚህ ላይ አንድ መራር እውነት አለ። አገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፤ ከአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ ናት። ተመራማሪዎች ከሰላሌና ከባሌ እስከ ቁንዱዶ ተራራ የዱር ፈረሶች ድረስ ስምንት ዓይነት ለይተዋል። ርቢው ግን በአብዛኛው በወል ግጦሽ ላይ የሚከናወን ነው፤ የውርንጭላው አባት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የደረሰው ነው። መልከ መልካሙ፣ አንገተ ሰጋሩ ወጣት ደግሞ ለኮርቻ ተመርጦ ከተኮላሸ፣ ዘር የሚያስቀረው ያልተመረጠው ነው ማለት ነው። በበዓል የምናጨበጭብለት ሰንጋ ልጅ የለውም፤ ልጅ ያለውን ማንም አያውቀውም። እንዲህ ባለ አገር ገበሬው በእርግጠኝነት የሚያውቃትና በእጁ ያለችው ባዝራዋ ብቻ ናት። አባትን መምረጥ ባይችል እናትን መንከባከብ ይችላል፤ ድንጉላ ብቻ እያየ ከቆየ ግን ሁለቱንም ያጣል።

ዝግጅቱ የሚከብደው በመጨረሻው ሦስት ወር ነው፤ ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያነሣው ያን ጊዜ ነውና። የግጦሹ ሣር ብቻ አይበቃትም፤ ገብስ፣ ፉርሽካ፣ ጥሩ ድርቆሽ ይጨመርላታል። ማወፈርም ግን ደግ አይደለም፤ የጎድን አጥንቷ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ሲታይ የማይቆጠር ሲሆን ልኩ ነው። ሸክምና ግልቢያ ይቀርላታል፤ ታስራ ግን መዋል የለባትም፣ ራሷ እየተንጎራደደች ትጋጥ። ከመውለዷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የቴታነስ ክትባት ትወጋለች፤ በዚያው ሰሞን ወደምትወልድበት ቦታ ትዛወራለች። ምክንያቱ ረቂቅ ነው። የሰው ልጅ ከእናቱ ማህፀን የተወሰነ የበሽታ መከላከያ ይዞ ይወጣል፤ ውርንጭላ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ የባዝራ የእንግዴ ልጅ ያን አያሳልፍም። የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። እናቱ የዚያን ጋጣ ጀርሞች ቀድማ ካልተዋወቀቻቸው በእንገሯ ውስጥ የምታስቀምጥለት ስንቅ የሌላ አገር ስንቅ ይሆናል። ስለዚህ ምጥ ሲመጣ ወደ «ጥሩ ቦታ» እየጎተቱ መውሰድ ደግነት አይደለም። ቦታው ራሱ ብዙ አይጠይቅም፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ደረቅ፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ንጹሕ ጭድ በደንብ የተነጠፈበት ቢሆን ይበቃል።

ከዚያ መጠበቅ ይመጣል፤ ባዝራም በሰው ላይ የምትቀልደው እዚህ ላይ ነው። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቀራት ግቷ ይሞላል፤ በጅራቷ ሥር ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ይላላል፤ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት በጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ቢጫ ጠብታ ይደርቃል። ይህን ሁሉ አሳይታ ደግሞ ሳምንት የምትቆይ አለች፤ አንዱንም ሳታሳይ አድራ ልጅ ይዛ የምትገኝም አለች። ባዝራ በተፈጥሮዋ ለመውለድ የምትመርጠው ጨለማና ጭር ያለ ሰዓት ነው፤ ሴክሬታሪያት ራሱ የተወለደው ከእኩለ ሌሊት ዐሥር ደቂቃ አልፎ ነበር። የመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ላይ ሳለች ሰው ሲበዛባት ታቆየዋለች። ስለዚህ የሩጫ ፈረስ አርቢዎች ካሜራ ይተክላሉ፣ በቅጥር ዘበኛ ያድራሉ፣ ከወተቷ ጠብ አድርገው ካልሲየሙን ይለካሉ፤ ዘበኛው ሻይ ሊቀዳ ዞር ሲል ትወልዳለች። ባል ምጥ ሲሰማ ከቤት በሚወጣበት ባህል ላደገ ሰው ይህ የሚያስቅ ነው፤ እዚህ ባልየው ሳይሆን ወላዷ ናት «ውጡልኝ» የምትለው።

የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ፈጣን ነው፤ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ። ትተኛለች። መጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ነው፤ በውስጡ አንድ የፊት ሰኮና፣ ትንሽ ወደኋላ ቀረት ብሎ ሁለተኛው፣ በላያቸው አፍንጫ ተጋድሞ። የሰኮናዎቹ መርገጫ ወደ መሬት ማየት አለበት። እነዚያ ሰኮናዎች ጫፋቸው የማህፀኑን ግድግዳ እንዳይቧጥጥ በለስላሳ ጎማ መሰል ጭራ ተሸፍነው ነው የሚወጡት፤ ውርንጭላው ቆሞ ሲራመድ ወዲያው ተላልጦ ያልቃል። የተፈጥሮን ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያላደነቀ ሰው ሌላ ቦታ አያደንቅም። በነጩ ምትክ ቀይ ከፋይ የመሰለ ከረጢት ቀድሞ ብቅ ካለ ግን አድናቆት ይቁም፤ የእንግዴ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ተላቋል፣ ውርንጭላው አየር እያጣ ነው፣ ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠበቅ ያን ከረጢት ቀድዶ መርዳት ያስፈልጋል። አንድ ሰኮና ብቻ ከታየ፣ ወይም መርገጫው ወደ ሰማይ ከዞረ፣ ወይም ሠላሳ ደቂቃ አልፎ ምንም ካልመጣ ሐኪም ይጠራ። ከዚህ ውጭ ያለው ሰዓት ሁሉ እጅን ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ሰዓት ነው። እትብቱን ለመቁረጥ የሚቸኩለው ሰው ራሱ ችግር ነው፤ ባዝራዋ ስትነሣ ወይም ውርንጭላው ሲንፈራገጥ ራሱ ይበጠሳል፣ ከዚያ ቁስሉን በመድኃኒት መንከር ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለውን አርቢዎች በሦስት ሰዓት ይለኩታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውርንጭላው ይቆማል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የመጨረሻው ቀልድ አያውቅም። ለላም የእንግዴ ልጅ ማደር ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ነው፤ ለባዝራ ግን ሰኮናዋን ጭምር የሚያሳጣ መርዝ ሊሆን ይችላል። ከወጣም መሬት ላይ ዘርግቶ ማየት፣ ጫፉ ተቆርጦ ያልቀረ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እንገሩም ጊዜ አይሰጥም፤ የውርንጭላው አንጀት የእናቱን መከላከያ የሚቀበልበት በር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወለል ብሎ ተከፍቶ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። «እንገር ለሕፃን አይሆንም» ብሎ አልቦ የሚደፋ ሰው ቢኖር ያንን ውርንጭላ እንደገደለው ይቆጠር።

«ባዝራ ያለ ሐኪም፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ አንተ ምክር ስትወልድ ስንት ሺህ ዓመት ኖራለች» ይባላል። እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ደህና ይወልዳሉ፤ ለዚህ ነው እኔም ከዝግጅቱ አብዛኛው ክፍል አለመንካት ነው የምለው። ግን ይህን ክርክር የሚያቀርቡልን ከተረፉት የመጡት ብቻ መሆናቸውን አንዘንጋ፤ በጨለማ ውስጥ በቀይ ከረጢት ታፍኖ የቀረው ውርንጭላ መጥቶ አልመሰከረም። መንታ ማርገዝም እንዲሁ ነው፤ ባዝራ መንታ አርግዛ ሁለቱንም በሰላም መውለዷ ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ታጣለች። ተፈጥሮ ደግ ናት፣ ሒሳቧ ግን በጅምላ ነው፤ አንዲት ባዝራ ያለችው ገበሬ በጅምላ ሊኖር አይችልም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው መቃወሚያ ነው፤ «ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ባዝራዋ ዛሬ እህል ካልጫነች ልጆቹ አይበሉም» የሚለው። የሚናገረው ችግር ነው፤ ችግር ደግሞ በምክር አይረታም። ሆኖም ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ካሜራው፣ መብራቱና የካልሲየም መለኪያው ቢወጡ የሚቀረው ምንድን ነው? ጥቅምትን መምረጥ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሸክም ማቅለል፣ አንድ መርፌ፣ ደረቅ ጭድ፣ ሌሊት አንዴ ወጥቶ ማየት፣ እንገሩን አለመድፋት። ከእነዚህ ውድ የሚባለው ሸክም ማቅለሉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዐሥራ አንድ ወር ተጠብቆ ከሚጠፋ ውርንጭላ ይረክሳል። ባዝራ ደግሞ በወለደች ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀኗ ገደማ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለች፤ በሰው ቤት ቢሆን የአራስ ቤቱ ገንፎ ገና ሳያልቅ ማለት ነው። 340 ቀን ከ365 ሲቀነስ 25 ይተርፋል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ እንድትወልድ የሚፈልግ ሰው ያለው ዕድል ይህ ነው። የተጎዳች፣ የከሳች፣ የእንግዴ ልጇ ያደረባት ባዝራ በ25 ቀን ውስጥ አትመለስም፤ በአንድ ሳምንት ሸክም የተገኘው ትርፍ አንድ ዓመት ይበላል።

በበኩሌ ነገሩን በአዋጅ ሳይሆን በበዓል ማስጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ በግላስና በቀይ ክር ተሸልሞ ሲወጣ አገር ይመለከታል። ከሽርጡና ከጉግሱ በፊት፣ ሰው ገና ቦታ እየያዘ ሳለ፣ የዓመቱ ምርጥ ባዝሮች ከነውርንጭሎቻቸው በሜዳው ዙሪያ ቀስ ብለው ቢዞሩና አስተዋዋቂው የእያንዳንዷን ስም፣ ዕድሜ፣ የወለደቻቸውን ብዛት ቢያነብ ምን ይጎድላል? በመስከረም የተወለደው ውርንጭላ በጥር አራት ወር ይሞላዋል፤ ለሰልፍ በቂ ነው። ድንጉሎቹ ባዝራ ሲሸታቸው ሜዳውን ይገለብጡታል፣ ጋላቢም ይጥላሉ የሚል ሥጋት ከባለሙያዎቹ ይነሣል፤ ሥጋቱም ትክክል ነው። ስለዚህ ባዝሮቹ ቀድመው ዞረው ይውጡ፤ ድንጉሎቹም እስከዚያ ድረስ በነፋሱ መምጫ በኩል፣ ራቅ ብለው፣ በደህና ገመድ ይታሰሩ።